ከዘነበወርቅ ኮልፌ፦ ለጋሽ ሙላቱ ጫማ ቤት የሚሆን ድረ ገጽ ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት፤ ሳንሱሲ

ሰማዩ ሳይገለጥ ከቤት ወጣሁ። ፌርማታው ላይ ጋቢ የደረቡ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ የትናንቱ ጭቃ አልደረቀም። ሥራዬ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ መሥራት ነው። የዛሬ መንገዴ ጋሽ ሙላቱ ዘንድ ነው፤ በሕመም የእግር ጣቶቻቸውን ላጡ፣ እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች ጫማ ይሠራሉ። ዕድሜያቸውን የሠሩበት የዘነበወርቁ ቤት ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ኮልፌ ከገቡ አራት ወር ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጠፋ። ልጃቸው ብሩክታዊት በስልክ የነገረችኝ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሰው ጫማ መርጦ፣ ቁጥሩን ነክቶ፣ እዚያው የሚከፍልበት የኢንተርኔት ሱቅ ትፈልጋለች። እኔ ግን መጀመሪያ ደንበኞቹ የሚመጡበትን መንገድ ልየው ብዬ ዘነበወርቅ ተቀጣጠርን።

ሁለት ሰዓት፤ ዘነበወርቅ

ጫማ ቤቱ የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ብሩክታዊት አዲሱን አድራሻ ጽፋ የለጠፈችውን ወረቀት ዝናብ አጥቦታል። ከአጥሩ ሥር አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ ጫማቸው በሲባጎ ታስሯል። ብሩክታዊት አወቀቻቸውና ጎንበስ አለች።

«አደ ጫልቱ፣ የሙላቱ ልጅ ነኝ።»

ብዙ አዩዋት። «ሞተዋል አሉኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ከአምቦ በኩል ሲመጡ ይህ ሁለተኛቸው ነው። ባለፈው ወር አጥሩን አይተው ሲደናገሩ አንድ መንገደኛ ሰውየው ሳይሞቱ አይቀሩም ብሏቸው እያለቀሱ ተመለሱ። ዛሬ የመጡት ለቅሶ ለመድረስ ነው። ብሩክታዊት አባቷ በሕይወት መኖራቸውን ነግራ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፤ ታክሲ እስክንገባ አልለቀቀቻቸውም።

ሦስት ሰዓት፤ ታክሲ ውስጥ

መንገዱ ሁለት ታክሲ ነው፤ እስከ ጦር ኃይሎች አንድ፣ ከዚያ ወደ ኮልፌ ሌላ። ጋሽ ሙላቱን በስልክ ኢንተርኔት አስፈልገው እንደሆነ አደ ጫልቱን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ ፈልጋ ነበር፤ ስማቸው የለም አለችኝ። እኔ ማንበብ አልችልም። ቢነግሩኝ ግን እሰማለሁ።»

ደብተሬ ላይ ጠዋት የሳልኩት የኢንተርኔት ሱቅ ንድፍ አለ፤ ፎቶ፣ ዋጋ፣ የመግዣ ዘንቢል። ከሥሩ «ይሰማሉ» ብዬ ጻፍኩ።

አራት ሰዓት ተኩል፤ ኮልፌ

ከገበያው ጀርባ፣ በብረት በር ሠሪዎችና በአንድ ፍራሽ ቤት መካከል የተወሸቀች አንዲት ክፍል። ቆዳ፣ ማስቲሽ፣ መዶሻ። ጋሽ ሙላቱ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሱ። አደ ጫልቱ ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ነበር ብለው እየሳቁ፣ እንባቸውንም በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አቀፏቸው። ጋሽ ሙላቱም አስቀምጠዋቸው፣ እግራቸውን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ።

ብሩክታዊት ስለ ሱቁ ስታስረዳ አባቷ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ወረቀቱን ሰጧት።

«ይሄ ቁጥሩ ስንት ነው?»

ብሩክታዊት ወረቀቱን አገላበጠችው፤ የተሰመረው እግር ቁጥር የሚወጣለት አልነበረም። ሰው እንዲህ ያለ እግሩን ለማሳየት ስንት ቀን እንደሚያመነታ፣ እሳቸውም ልኬት ከመውሰዳቸው በፊት ብዙ እንደሚያጫውቱት ነገሯት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የአባቷ ሥራ እንደ ትልልቆቹ ሱቆች አምሮ እንዲታይላት ነበር የፈለገችው።

ያኔ የመሰለኝን ተናገርኩ። የኢንተርኔት ሱቅ ተሠርቶ ለተቀመጠ፣ ቁጥር ላለው ዕቃ ይሆናል። በፎቶ የተሞላ ድረ ገጽም ገዢው በዓይኑ ለሚመርጠው ሥራ ያምራል። ጋሽ ሙላቱን የሚፈልግ ሰው ግን የሚጠይቀው አሉ ወይ፣ የት ነው ያሉት ብሎ ነው። ለዚህ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስልክ፣ ካርታ፣ ከዘነበወርቅ የሚያመጣው ታክሲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሰማ ድምፅ። የማንም እግር ፎቶ አይኖርበትም።

ብሩክታዊት ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ኦሮምኛውን ማን ይናገረው አለች።

«እኔ» አሉ አደ ጫልቱ።

ስምዎን እንተወው ወይ ብላቸው እንቢ አሉ። ብረት ሠሪዎቹን ትንሽ እንዲታገሱን ለመንናቸው። ብሩክታዊት ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያዘችላቸው፤ የተናገሩትን ኋላ ተረጎመችልኝ።

«ጫልቱ ነኝ። ሙላቱ አልሞቱም፤ ቤት ነው የቀየሩት። እኔም ጠፍተውብኝ ነበር። ኮልፌ ና፤ አትፈር።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፤ ሳንሱሲ

ገጹን በዚያው ሳምንት ጨርሼ ለቀቅኩት። ዛሬ ብሩክታዊት ደወለች። አንድ ሰው በምርኩዝ መጥቶ በሩ ላይ ብዙ ቆመ አለችኝ። አባቷ ቦታውን ማን እንዳሳየው ጠየቁት።

«ጫልቱ ጠርታኝ ነው» አላቸው።

አይቷት አያውቅም። ገባና ጫማውን አወለቀ።