የሳርጂማን ሳል

ዋስቲ በታንጁንግ ፕሪዮክ ወደብ አጥር ሥር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሩዝና ቴምፔ የሚባል የአኩሪ አተር ጥብስ ትሸጥ ነበር። ባሏ ሳርጂማን ዕድሜውን በክሬን ላይ ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ ከወደቡ ይዞት የወጣው ሳሉን ነው። በሰፈራችን ነጭ ልብስ የሚያሰጣ የለም፤ እስከ ምሳ ጥላሸት ይለብሳል።

ወረርሽኙ መጥቶ ከተማው ሲዘጋ የመኪናው ሰልፍ ቀጠነ፤ ቆይቶም ጠፋ። ዋስቲ ድስቷን አጥባ አልጋ ሥር ከተተችው። አላለቀሰችም። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባዶውን መንገድ ታያለች።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ኢሮ ከጣራ ላይ ጮኸች።

"እትዬ ዋስቲ! ይውጡ እንጂ! ተራራው ታየ!"

እውነትም ስንት ዘመን ያላየነው የሳላክ ተራራ፣ ጭሱ ተገፎ በደቡብ በኩል ጥርት ብሎ ቆሟል።

"እዚያው ነበር እኮ፤ የት ይሄዳል?" አለች ዋስቲ።

"ወይ እርስዎ! ባለቤትዎስ ማሳል አልተዉም? ገበያው ቢጠፋ ደረታቸው ተከፈተ። አልሐምዱሊላህ አይሉም?"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ገባች። ኋላ ላይ እኔን፣ "እንደ ደነዘዘ እግር ሆኛለሁ፤ ብትቆነጥጪኝም አይሰማኝ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የማራገፊያ ተራ ያላገኙ መርከቦች ከወደቡ ፊት ለፊት መልሕቅ እየጣሉ ተኮለኮሉ። ቢቆሙም ሞተራቸው ቀን ከሌት ይሠራል። ነፋሱ ወደ የብስ ሲዞር ጭሱ ቤታችን ገባ። መኪኖቹ ሳይመለሱ ጥላሸቱ ተመለሰ።

ሳርጂማንን ምሳ ላይ እያለ ሳሉ ያዘው። ትንፋሹ ሲመለስለት ሳቀ።

"ሰማሽ? ወደቡ ሊከፈት ነው መሰለኝ።"

"ማን ከፈተው ብለህ ነው አንተ ሰውዬ! መርከቦቹ ቆመው ነው የሚያጨሱት። ሥራ የለ፣ ጭስ ብቻ።"

"እንግዲያው እኔ ሥራ ጀምሬያለሁ በያ!" አላትና ደግሞ አሳለ።

የዝናቡ ወቅት ሳያልፍ ሞተ። ሐኪሙ፣ ወረርሽኙ አይደለም፣ ሳንባው አልቆ ነው አለ። ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ የቀበርነው ጥቂት ሆነን ነው። ዋስቲ አፈሩ ሲመለስ ቆማ አየች፤ ወደ ቤት ስንመለስም የሩዝ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀችኝ።

መኪኖቹ ሲመለሱ እሷም ምድጃዋን አነደደች። የድሮ ደንበኛዋ የሆነ ሾፌር አጎንብሶ ሰላም አላት።

"እናቴ፣ እንዴት ከረሙ? አባባስ ደህና ናቸው?"

"ሞቷል" አለችው፣ ሩዙን እየጨለፈች። "ቃሪያ ይጨመርልህ?"