ከባሌ አጠገብ ያለው ወንበር

ባሌ ስለ ካርዱ የሰማው ሥራ ቦታው ነው። መሃል ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና እየተቀበለ ያቆማል። አንድ ጠዋት ከደንበኞቹ አንዱ ቁልፉን ሲሰጠው «ሚስቴን ይዤ ሃዋይ ልሄድ ነው፤ ለቲኬቱ ሳንቲም አልከፈልኩም» አለው። ባሌ ሰውየው የቀለደ መስሎት ሳቀ። ሰውየው ግን የምሩን ነበር። ባንክና አየር መንገድ ተስማምተው ያወጡት ካርድ አለ፤ አስቤዛውንም ቤንዚኑንም በዚያ ካርድ ስትከፍል ማይል ይጠራቀምልሃል፤ ማይሉ ሲሞላ በነፃ ትበራለህ።

ባሌ ይህን ወሬ ይዞ ቤት ሲገባ እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ነበር። እህቱ ጠረጴዛው ላይ ደብተሮቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። እኔን አልፎ ሄደና ለእሷ ነገራት።

አልፎኝ የሄደው ሊያስከፋኝ ብሎ አይደለም። እህቱ ኮሌጅ ትማራለች። ስልክ ላይ ከፈረንጅ ጋር ስታወራ ሰምቼአታለሁ፤ ቀልዳቸው እንኳ ይገባታል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስልክ ሲጮህ ሌላ ሰው እስኪያነሳው ድረስ እጄን በፎጣ የምጠርግ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ቅናቱን አላስታገሰልኝም።

ሦስታችን ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ፣ ከቼሪ መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እሷ ደግሞ ካገባሁ ስንት ጊዜዬ ሆኖ እንኳ «ሙሽሪት» ነው የምትለኝ። «ሙሽሪት፣ ጨው በዛ።» «ሙሽሪት፣ ዛሬም ዝም?» ክፋት የላትም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ መቅናቱ ይቀለኝ ነበር።

«ሁለት ካርድ ይምጣላችሁ» አለች ያን ዕለት። «ባልና ሚስት በየፊናችሁ ስትገዙ ማይሉ አንድ ቦታ ነው የሚገባው። ቶሎ ይሞላል።»

እውነትም ለእኔም መጣልኝ። የእኔና የአባቴ ስም ፕላስቲኩ ላይ በጎበጡ ፊደሎች ወጥቶ ነበር። ማንም ሳያየኝ በጣቴ እየዳሰስኩ አነበብኩት። ማይሉን የምንሰበስበው እኔና ባሌ መሆናችንን ያመንኩት ያኔ ነው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ካርዴን ይዤ ብቻዬን ሱቅ የገባሁ ቀን፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ ገጭ ገጭ አደረገችና ወረቀቱን ፈርሚ ብላ ሰጠችኝ። ፈረምኩ። እኔ የማውቀው ፊርማ በአማርኛ የምፈርመውን ነው፤ ካርዱ ጀርባም ላይ ያው ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ካርዱን ገለበጠች፣ እኔን አየች። ሌላ ሰው ጠራች። ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ። «የአገሬ ጽሑፍ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አፌ ግን አልከፈት አለ። ሁለቱ ሲማከሩ ቆይተው በመጨረሻ ለቀቁኝ። ያጀበኝ ላብ እስከ ቤት አልደረቀም።

ታሪኩን ስነግራቸው እትዬ አዘነችልኝ። «ኦኬ፣ ሶ እንዲህ እናድርግ፤ አንቺ ዕቃውን ምረጪ፣ መክፈሉን ለእኛ ተዪው።»

ለእኛ አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌና እህቱ ከፊት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ ጋሪውን እየገፋሁ እከተላለሁ። የማያውቀን ሰው ቢያየን ባልና ሚስት ሠራተኛቸውን አስከትለው የመጡ ነበር የምንመስለው።

ባሌ በማይሉ ፍቅር ተያዘ። ሰው ዕቃ ሊገዛ ነው ሲባል ከሰማ «በእኔ ካርድ ልግዛልህ፣ አንተ ጥሬውን ትሰጠኛለህ» ይላል። የቤተ ክርስቲያናችን የእሑድ ምሳ ጭምር በእሱ ካርድ መገዛት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ካርቱም ላይ ስንጋባ ከሽማግሎቻችን አንዱ የነበሩ፣ በኋላ እዚሁ ሲያትል የመጡ። ምሳ ላይ ባሌን ይዘው ይቀልዱበታል።

«አንተ ልጅ፣ እኛ እየበላን አንተ ነህ አሉ የምትበረው?»

«እርስዎ ብቻ ወጡን ይድገሙ ጋሼ፣ ቺካጎ ያደርሱኛል።»

«እንግዲያስ ጨምሩልኝ፤ ይህን ልጅ መንገድ ላይ ጥዬው በእግዜር አልጠየቅም።»

በየወሩ ከባንኩ ወረቀት ሲመጣ ሁለቱ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የአሜሪካ ካርታ ፊት ይቆማሉ። «አሁን ብንነሣ የት ያደርሰናል?» ይላታል። እሷ ጣቷን ከሲያትል አንሥታ ወደ ምሥራቅ ትስባለች። «ሞንታና።» በሚቀጥለው ወር «ሚኒሶታ ገባን» ይባላል። ጣቷ የሚቆምበትን ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። ያንን ካርታ ከእሱ ጋር ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን ማንም አልከለከለኝም፤ እጄን ጠርጌ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም።

ለእኔ ሚኒሶታም ቺካጎም ያው ነው። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ አውሮፕላን ውስጥ ከባሌ አጠገብ መቀመጥ።

ካርቱም ከተጋባን በኋላ እሱ ቀድሞኝ መጣ፤ እኔ ቆይቼ ብቻዬን ተከተልኩት። አውሮፕላኑ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ፣ በመተላለፊያው በኩል፣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ተቀምጦ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሽንት ቤት መሄድ ፈለግሁ። ሰውየውን ቀስቅሼ «አሳልፈኝ» ማለት አቃተኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለባሌም ቢሆን። በልቤ ግን ሁለተኛ አውሮፕላን ስገባ አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ ነው አልኩ።

በመጨረሻ የእትዬ ጣት ዲሲ ደረሰ። ደግሞ እንዲያው ሲገጥም፣ የአባታቸው ወንድም ልጅ እዚያ ልታገባ ነበር። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ «ሁለት ቲኬት ይወጣዋል። እኔና አንቺ» አለኝ። በማግሥቱ የሠርግ ቀሚሴን ከሻንጣ አውጥቼ በር ላይ ሰቀልኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እትዬ አየር መንገዱ ጋ ኮል አደረገች። እኔ ምድጃውን፣ ባሌ መስኮቱን ተደግፈን እንሰማለን። ስልኩን ላነሳችው ሴት የባሌን ስም ነገረቻት፤ ቀጥላ የእኔን። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኛ ዞረች።

«የቤተሰብ ስማቸው ለምን ተለያየ ትላለች። ሁለተኛው ቲኬት ለቤተሰብ ካልሆነ አይሰጥም አለች።»

«ሚስቴ ናት በያት» አለ ባሌ።

«ብያታለሁ። ወረቀት አላቸው ወይ ትላለች።»

ያጋቡን ሽማግሎች ናቸው። እነሱ ቆመው አጋቡን፣ መረቁን፣ አበቃ። ወረቀት የጠየቀን አልነበረም።

እትዬ ከሴትየዋ ጋር ትንሽ ተከራከረች። ድንገት ስልኩን እንደያዘች እየሳቀች ጉንብስ አለች። ስትዘጋው እንባዋ ወርዶ ነበር።

«አንቺስ ማን ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት። ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ታዲያ ሚስቱ እርስዎ ነዎታ፣ ለእርስዎ አሁኑኑ ላውጣልዎት!› አይ፣ በአሜሪካ ሕግ የወንድሜ ሚስት ሆኜ ቁጭ አልኩ።»

ባሌም ሳቀ። የእሷን ሳቅ እንደ ምንም ችዬው ነበር፤ የእሱ ግን ልቤን ወጋኝ። ያቺ የማታውቀን ሴት፣ እኔ ስንት ወር ጀርባዬን ሰጥቼ የቆየሁትን ነገር በአንድ ስልክ ተናገረችው።

ምሳ ላይ ባሌ መፍትሔ ያገኘ መሰለው።

«ስምሽን ብንቀይረውስ? እዚህ አገር ሴቶቹ ሁሉ የባላቸውን የቤተሰብ ስም ነው የሚይዙት።»

«የአባትህን ስም?»

«አዎ። ወረቀት ላይ ብቻ ነው።»

«ከአንተ ጋር አንድ አባት ሊኖረን?»

«ወረቀት ላይ አልኩሽ እኮ።»

«ወረቀት ላይ እህትህ ልሆን ነዋ» አልኩ። «አንድ እህት አለችህ። ትበቃሃለች።»

እትዬ የጎረሰችውን ሳትውጥ አየችኝ። «ሙሽሪት ተናገረች» አለች ቀስ ብላ። በዚህኛው ግን አልሳቀችም።

ሠርጉ እየቀረበ ሄደ። ባሌ ማይሉ እንዳይባክን ፈራ። አንድ ቀን ጫማውን እያሰረ፣ ፊቱን ሳያነሣ «ካልሆነ እህቴ ትሂድ፤ የአጎታችን ልጅ ሠርግ ነው» አለ። እትዬ እሺም እምቢም አላለችም። ከሰዓት ስመለስ ግን የእሷ የአበሻ ቀሚስ በሩ ላይ፣ ከእኔ ቀሚስ ጎን ተሰቅሎ አየሁት። ሁለት ቀሚስ አንድ ወንበር ይጠብቃል። የእሷ ጥለቱ ሰፊ ነበር፤ ከእኔ ያምራል። አንሥቼ ወለሉ ላይ ልጥለው አማረኝ። በምትኩ ተኮስኩት፤ ከራሴ ይልቅ አሳምሬ ተኮስኩት፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

በማግሥቱ እትዬ «ሙሽሪት፣ ልበሺ፣ እንወጣለን» አለችኝ። ከቤታችን በር ላይ ጋሼ፣ እነዚያ የሚቀልዱት ሽማግሌ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበውበት፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመዋል። እትዬ የሠርጋችንን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በአውቶቡስ መሃል ከተማ ወርደን ባሌን ከፓርኪንጉ ይዘን አየር መንገዱ ቢሮ ገባን።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት። ወንበር አሳየችን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ እንጂ አልተቀመጡም። እኛም እሳቸው ሳይቀመጡ አንቀመጥም። ሴትየዋ ደጋግማ እጇን ወደ ወንበሩ ዘረጋች።

«ንገሪልኝ ልጄ» አሉ ጋሼ ለእትዬ። «ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀመጥም።»

እትዬ ተረጎመች። ሴትየዋ ግራ ገባት።

«እኔ እነዚህን ልጆች ካጋቡት ሽማግሎች አንዱ ነኝ። ይህች ልጅ የአባቷን ስም እንደያዘች ማግባቷን እመሰክራለሁ። ያባቷን ስም ትጣል የምትሉ ከሆነ ግን እዚሁ ቆሜ እመሻለሁ።»

እትዬ ፎቶውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔና ባሌ መሃል ጋሼ ቆመዋል፤ ያው ጺም፣ ያው ባርኔጣ በእጃቸው። ሴትየዋ ፎቶውን አየች፣ ጋሼን አየች፣ አለቃዋን ጠራች። ወረፋ የያዙት ሰዎች ይሰሙናል፤ እኔ ወለሉን እያየሁ ነው። አለቅየው ሽማግሌ ነጭ ነው። ጋሼን «እባክዎ ይቀመጡ» አላቸውና ሴትየዋ ቲኬቱን እንድታወጣ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት። ጋሼ ያኔ ተቀመጡ።

እንዲህ ሆኖ ቲኬቱ በአባቴ ስም ወጣልኝ። ሽማግሌ መላኩ የእትዬ ሐሳብ ነበር። መለመኑም፣ መተርጎሙም የእሷ። ስንወጣ አመሰገንኳት፤ ከልቤ ነው። ነገር ግን ከባሌ አጠገብ የምቀመጥበትን ወንበር እንኳ ያገኘችልኝ እሷ መሆኗ ቆጨኝ።

በሄድንበት ቀን እትዬ እስከ አውሮፕላኑ መግቢያ ድረስ ሸኘችን። ስንገባ ነው የወንበሩን ቁጥር ያየነው። የእሱ ከፊት፣ የእኔ ከኋላ። ስማችን ስለማይመሳሰል ይሁን ወይም ዝም ብሎ አላውቅም፤ እኔ ግን ስሙ ነው አልኩ። ባሌ ትከሻውን ነቀነቀ። «ኦኬ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ደርሰን እንገናኛለን» ብሎ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ።

ወንበሬ ላይ ሆኜ የራሱን ጀርባ አየሁት። ከአጠገቡ፣ በመተላለፊያው በኩል፣ አንድ ጋዜጣ የያዘ ሰውዬ መጥቶ ተቀመጠ። እትዬ ብትሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። በአንድ ስም፣ ጎን ለጎን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ካርታውን እያወሩ፣ አሁን ሞንታና ላይ ነን እየተባባሉ።

ምን እንዳስነሣኝ ከጠየቃችሁ ይኸው ነው፤ ጀግንነት አይደለም።

የሚገባውን ሰው እየተጋፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ። ሰውየው አጠገብ ቆምኩ። ጋዜጣውን አልዘጋም። «ይቅርታ» አልኩ በእንግሊዝኛ። አልሰማኝም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ይቅርታ። ይህ ሰው ባሌ ነው። ይነሡልኝ።»

በእንግሊዝኛ ትንሽ ሳይሻክር አልቀረም። ሰውየው እኔን አየ፣ ባሌን አየ፣ ጋዜጣውን አጠፈ። «ያንቺ ወንበር መስኮት አለው?» አለኝ። አለው አልኩት። ከመኝታው እንደተነሣ ሰው እየተንጠራራ ተነሣና ሄደ።

ተቀመጥኩ። ባሌ አዲስ ሰው እንዳየ አፍጥጦ አየኝ።

«እህቴ ናት እንዴ እንዲህ በዪ ያለችሽ?» አለኝ።

«እሷ እዚህ የለችም» አልኩትና ቀበቶዬን አሰርኩ።