ቆሎ የሚቆረጥመው ኪቦርድ

ኪቦርዱ ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ እስኪደርስ አንድ ወር ፈጀ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ኮምፒውተር የሚጠግነው ወንድሜ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ሲልክልኝ፣ "ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትንቂው፤ ሜካኒካል ነው" አለኝ በስልክ። ሜካኒካል ሆነ አልሆነ ለእኔ ምን ገዶኝ። በወረዳ መሥሪያ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም። ሌላ የሚመታ ዕቃ ቤቴ ድረስ ሲመጣልኝ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

ነገሩ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ቤተ ልሔም አጠገብ ብዙ ዘመን ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ዓይናቸው ሲጠፋ ወንበሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀው እኔ ዘንድ መጡ። አንድ ነገር ግን ለማንም ሳያስረክቡ ቀርተዋል። እስቴ ላይ ያስተማሯቸው መምህር በየበዓሉ የተቀኟቸውን መወድስ የሚባሉ ቅኔዎች አባቴ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ቅኔ እንደሆነ በዕለቱ ተቀኝተውት ይሄዳል፤ ባለቤቱ ጽፎ አያስቀምጠውም። የያዘ ይይዘዋል፣ ያልያዘ ያመልጠዋል። አብረዋቸው የሰሙት ሁሉ ደግሞ አልቀዋል።

"እኔ ስሞት እሳቸው ሁለተኛ ይሞታሉ" አሉኝ አንድ ቀን። ምን ይባላል? እጽፋለሁ አልኩ።

ወንድሜ በስልክ ይቀዱ ብሎ ነበር። ሞከርን። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬ "ይበሉ አባባ" ስላቸው፣ "ማን ነው የሚሰማኝ?" አሉ።

"ስልኩ ነው።"

"የማይመልስ ደቀ መዝሙር አላስተምርም" ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

እውነታቸውን ነው። በእሳቸው ዓለም መምህሩ አንድ ስንኝ ይላል፤ ስንኙን እነሱ ቤት ነው የሚሉት። ተማሪው ያንን ቤት መልሶ ይለዋል። ያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ይታለፋል። ተማሪው ካልመለሰ መምህሩ አይቀጥልም። በደብተር እየጻፍኩ እንደ ተማሪ ልመልስላቸው ሞከርኩ። ወንድሜን አስቀምጠው አስተምረውታል፣ እኔን ግን ሴት ልጅ ነኝና ማንም ቁጭ በዪ ያለኝ የለም። ግእዙን የለቀምኩት ከጓዳ ሆኜ ነው። ሳነብ ተነሹን ቃል እጥላለሁ፣ ወዳቂውን አነሳለሁ። "ተይው ልጄ፣ ጆሮዬን አመመኝ" አሉ። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ግማሽ ፊደሉ ሞቷል። ኪቦርዱ የመጣው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ሳየው ኤዲያ፣ ምን ዓይነት ጩኸት ነው አልኩ። አንድ ፊደል በተመታ ቁጥር ቀጭ ይላል። አባቴ ከመደቡ ላይ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ቆሎ እየቆረጠምሽ ነው እንዴ ቅኔ የምትሰሚው?"

"ኪቦርዱ ነው አባባ። ያሉትን ስጽፍ ነው እንዲህ የሚለው።"

"እስቲ ይህንን ጻፊ" ብለው አንድ ቤት አሉ። መታሁ። ድምፁ እስኪቆም ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁና ሁለተኛውን አሉ። ደግሞ መታሁ። ስምንቱም ቤት አለቀ። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ሲያልቅ ብቻ ሙሉውን አነበብኩላቸው፣ አንድ ሁለት ቦታ አርመው "ደግ" አሉ። እሳቸው "ደግ" ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት መወድስ እንጽፋለን። በሦስተኛው ቅዳሜ ስሳሳት ያውቁብኝ ጀመር። ማጥፊያውን ደጋግሜ ስመታ "ምነው፣ ምን ሳትሽ?" ይሉኛል። እስቲ አስቡት፣ ዓይን የላቸው፣ ኮምፒውተር በዕድሜያቸው ነክተው አያውቁ። ደክሞኝም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ፀጉሬ ሸብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ፊት ተማሪ ሆንኩ።

ታዲያ ጥሩውን ነገር የሚያበላሽ ሰው አይጠፋም፤ እኔው ነኝ። የዓመቱ ሪፖርት ደርሶ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ስደበድብ ከረምኩ። ያ የቅዳሜ ቀጭታ ገና ሳስበው ጭንቅላቴን ይመታኝ ጀመር። ወንድሜ ከኪቦርዱ ጋር በትንሽ ፌስታል ሌላ ነገር ልኮ ነበር። ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ባቄላ የምታህል ነገር አለች፤ ስዊች ይላታል። ኪቦርዱ ላይ ያሉት ሰማያዊዎቹ ይጮኻሉ፣ በፌስታል ያሉት ነጮቹ ግን ድምፅ የላቸውም። "ጩኸቱ ከሰለቸሽ ነቅለሽ ትቀይሪያለሽ፤ ብየዳ አያስፈልገውም" ብሎኛል።

አርብ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ከቢሮ ቀድመን ወጣን። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ የፊደሎቹ ክዳን እንዳይጠፋ ሰፌድ ላይ እየደረደርኩ፣ ከፌስታሉ በወጣችው መንቀያ ስዊቾቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። እንደ ጥርስ ነው የሚነቀለው፤ አጥብቆ ይዞ ይቆይና ብድግ ይላል። የአንዷ ነጭ ስዊች እግር ተጣሞብኝ በመርፌ አቀናሁት። ወገቤ ተቆረጠ። ሲያልቅና ስሞክረው ግን ወይ መታደል! ጣቴ ዝቅ ይላል፣ ይነሳል፣ ጭጭ። ሰማያዊዎቹን ፌስታሉ ውስጥ ቋጥሬ መደርደሪያ ላይ ወረወርኳቸው። ለአባቴ ስለ ስዊች ምን ብዬ ላስረዳቸው ብዬ ሳልነግራቸው ቀረሁ።

በማግስቱ አባቴ የመጀመሪያውን ቤት አሉ። ጻፍኩና ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ዝም። እኔም ዝም። በእኛ ቤት መምህር ዝም ሲል ዝም ነው የሚባለው፤ "ቀጥሎስ?" ብሎ መምህርን መጎትጎት ነውር ነው። ከጓዳ ሆኜም ቢሆን ይህችን ተምሬያለሁ። ብዙ ቆይተው ያንኑ የመጀመሪያውን ቤት መልሰው አሉ። ማለታቸውን ረሱት አልኩ። ደግሞ ዝም አልን። በመጨረሻ ቀስ ብለው፣ "ለዛሬ ይብቃን" አሉ።

"ደከመዎት አባባ?"

"ኧረ እኔስ አልደከመኝም" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለውም። አንድ ቤት ይላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይደግሙታል፣ ይተዉታል። በአራተኛው ቅዳሜ ጭራሽ "ዛሬ ዕረፊ" አሉኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለወንድሜ ደውዬ "አባባ እየረሱ ነው" አልኩት። ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ አምጫቸው አለኝ። በየትኛው መንገድ?

የነፍስ አባታችን ለማርያም ዕለት ዳዊት ሊደግሙ ሲመጡ፣ ጠበል ይሻላቸው እንደሆነ ላማክራቸው አስቤ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። ከአባቴ ጋር ትንሽ ተጫውተው ወጡና ግቢው ጥግ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ድካሙ ይገባኛል። ግን ሽማግሌ ሰው ሲናገር ቁጭ ብሎ መተኛት ምን ይሉታል?"

"ማ? እኔ?"

"እሳቸው እንኳ አላማረሩብሽም። 'ልጄን ገደልኳት፤ ሳምንቱን ለመንግሥት ሠርታ ቅዳሜዋን እኔ እወስድባታለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ገና አንድ ቤት ስላት እንቅልፍ ይጥላታል። መቀስቀሱ አሳዘነኝ' ነው ያሉኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ስዊቹ ነገርኳቸው፤ የረሱ መስሎኝ ስለ ጠበል ልጠይቃቸው እንደነበርም ነገርኳቸው።

"ወይ ጉድ! እርስ በርስ ስትተዛዘኑ ወሩ አለቀ በይኛ" አሉ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ ዝምታ ግን ነቀዘ።

የዚያኑ ዕለት ከመደርደሪያው ላይ ፌስታሉን አውርጄ ነጮቹን ነቀልኩ። ስቸኩል ሁለት ስዊች ሰበርኩ፤ የትም ይግቡ። ሰማያዊዎቹን መልሼ የመጀመሪያዋን ፊደል ስመታ አባቴ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ።

"ነቃሽ?"

"ተኝቼ አላውቅም አባባ" ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"ታዲያ አይጠይቁኝም?"

"በይ እንግዲህ፣ ያችን እንጨርሳት" አሉ። ያቺ ማለታቸው በዚያ በመጀመሪያው ዝምተኛ ቅዳሜ የጀመሯት መወድስ ናት። መምህራቸው ታመው በሰው ተደግፈው ለአስተርእዮ ማርያም የተቀኟት፣ የመጨረሻቸው ናት። አንደኛውን ቤት አሉ፤ መታሁ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። በአዲስ ጉልበት ነበር የሚሉት። ስድስተኛውን አሉና የኪቦርዱ ድምፅ ሲቆም አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

ይህን ጊዜ ዝምታቸው እኔን መጠበቅ አልነበረም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ ስድስተኛው ላይ ደረሱ፣ ቆሙ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ።

"ያን ቀን ሙሉዋን ይዣት ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እስክትነቂ ድረስ በሆዴ ስላት ነበር።"

እኔን መውቀሳቸው አልነበረም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ራሴን ደባበሱኝና "አንቺ ምን አደረግሽ፣ ጣትሽን አሳረፍሽ" አሉ።

የቀሩት መወድሶች ሁሉ ተጽፈው አልቀዋል። ወንድሜ አትሞ ልኳቸዋል፣ ጠርዘናቸዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስድስት ቤት አለ፣ ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር። አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አሁንም በየቅዳሜው ቁርሳቸውን በልተው "አምጫት እስቲ" ይላሉ። ደክሞኛል፣ እግዜር ያያል፣ በጣም ደክሞኛል። ኪቦርዱን አመጣና እቀመጣለሁ። ከአንደኛው ቤት ይጀምራሉ፤ ስንት ጊዜ የጻፍኩትን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ስድስተኛው ላይ ይቆሙና ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። የምጽፈው የለም። የተኛሁ እንዳይመስላቸው የባዶ ቦታውን ረጅም ቁልፍ ቀጭ፣ ቀጭ አደርጋለሁ።