ከብሩክታይት ጋር የተሮጠው መንገድ

ስርጉት የኔሰው ዛሬ የምትኖረው ሞጣ ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ እየመራ ከሚያሮጣት ከአካለ ወልድ ጋር አንድ ገመድ ይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረው የሮጡ ይመስለዋል። የእሷ ልብ ግን ሩጫ በተነሣ ቁጥር ቢቸና ይሄዳል፤ ከከብት ገበያው በታች ወዳለው ጥርጊያ መንገድ።

የዓይኗ ብርሃን የጠፋው ሦስተኛ ክፍል ሳለች፣ ኩፍኝ ታማ ነው። ከዚያ በኋላ አባቷ አቶ የኔሰው ከግቢ እንድትወጣ አይፈልጉም ነበር፤ ከክፋት ሳይሆን ትወድቅብኛለች ብለው። ሁለት ዓመት እንዲሁ ደጃፍ ተቀምጣ አሳለፈች። አንድ ቀን የጎረቤቷ ልጅ ብሩክታይት መጥታ እጇን ያዘቻት።

«ተነሽ፣ እንሩጥ።»

«ወዴት?»

«ወደ ፊት ነዋ።»

እጅ ለእጅ ተያይዞ መሮጥ አልመች ሲላቸው፣ ብሩክታይት የእናቷን የእትየ ሀብትነሽን መቀነት ቀደደችና አንዱን ጫፍ ለስርጉት ሰጠቻት። ለመቀነቱ የቀመሰችውን ቁጣ ሲያወሩት እስካሁን ያስቃቸዋል።

ብሩክታይት እየሮጠች መንገዱን ትነግራታለች። «ድንጋይ በግራ። ውሃ፣ ዝለይ።» የማያስፈልገውንም ትጨምርበታለች፤ ጤፉ ቢጫ መሆን እንደጀመረ፣ ማን አዲስ ቀሚስ እንደለበሰች። አንዴ ስለ አንዲት ሙሽራ ስታወራ ቦዩን ረስታው ሁለቱም ተያይዘው ገቡበት። አቶ የኔሰው የልጃቸውን ጉልበት ደም ሲያዩ፣ «እንግዲህ ይበቃል» አሉ።

«አባየ፣ ብሩክታይትም እኮ ወድቃለች። እሷ ዓይን አላት» አለቻቸው።

አባቷ በማግስቱ አካፋ ይዘው ሄደው ቦዩ ላይ መሻገሪያ ሠሩበት።

እንዲህ እየሮጡ አደጉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሞጣ ላይ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ሲደረግ በሺህ አምስት መቶ ሜትር ተሰለፉ። እስከ መጨረሻው ዙር መሪዎቹ እነሱ ነበሩ። ከዚያ የብሩክታይት ትንፋሽ መቆራረጥ ጀመረ። ገመዱ ወደ ኋላ ሲሳብ ስርጉት ተሰማት። ጉልበት ነበራት፤ ቢሆንም እርምጃዋን ቀነሰች። ሦስተኛ ወጡ።

ሣሩ ላይ እንደተቀመጡ ብሩክታይት፣ «አልደከመሽም ነበር» አለቻት።

«ደክሞኝ ነበር።»

«ትንፋሽሽን አላውቀውምና ነው? ለእኔ ብለሽ ነው የቀነስሽው። ከእኔ የሚፈጥን ሰው ፈልጊ።»

ስርጉት ተቀየመች። ወደ ቢቸና ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አልተነጋገሩም፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ። ብሩክታይት ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ብቻዋን ሞጣ ተመልሳ እዚያ ያለውን የሩጫ አሠልጣኝ አነጋገረች፤ እሱም ከአካለ ወልድ ጋር አገናኛት። ስርጉት ቅያሜዋን ትታ ለመሠልጠን ሞጣ ስትገባም አብራት መጥታ ሦስት ቀን ከጎናቸው እየሮጠች አስተማረችው። «አትጎትታት» ትለው ነበር። «ከመታጠፊያው አስቀድመህ ንገራት። ስትናደድ ትፈጥናለች፣ አትፍራ።» በአራተኛው ቀን ስንቅ የተቋጠረበትን ፌስታል ለስርጉት አስይዛት ወደ ቢቸና ተሳፈረች።

አካለ ወልድ ጥሩ መሪ ሯጭ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ቀጥ ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ስርጉት ከእሱ ጋር ሰዓቷን ብዙ አሻሻለች። አንዳንዴ ግን በሜዳው ዙሪያ ምን እንዳለ ሳታውቅ ሃያ ዙር እንደሮጠች ትዝ ሲላት ቅር ይላታል።

ባለፈው ግንቦት ባሕር ዳር ላይ በክልል ውድድር ሮጠች። እንደጨረሰች ስልክ አስደወለች።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አለች ብሩክታይት።

«አንደኛ።»

ብሩክታይት አፍንጫዋን ሳብ አደረገችና፣ «ቆይ፣ ለአባትሽ ልንገራቸው» አለች። ስልኩን አልዘጋችውም ነበርና በሩጫ ስትወጣ ለስርጉት ተሰማት።