ራስጌው ወደ ሰሜን

ካሲነም ሰው ሲከራከራት ድምጿን ከፍ አታደርግም። የያዘችውን ሥራ እየሠራች ትሰማለች። ተናጋሪው የረታ መስሎት ሲሄድ፣ እሷ ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም። በደቡብ አሜሪካ፣ በሱሪናም፣ በኮመዌይነ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ጃዋዎች ይህን ጠባይዋን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቁታል። ባሏ ዊርዮ የሞተ ዕለት ግን ረሱት። ከሁሉም በላይ የረሳው የገዛ ልጇ ነበር።

የተወለደችው ሩስትፌልድ በሚባለው የሸንኮራ እርሻ፣ ረጅሙ የሠራተኞች ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ከጃዋ ደሴት የሥራ ውል ተፈራርሞ በመርከብ የመጣ ሰው ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ እመለሳለሁ እያለ እዚያው ሱሪናም ጭቃ ውስጥ አረጀ። ከመርከብ የወረደ ዕለት አመሻሽ ላይ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ በአገሩ እንደለመደው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰገደ። ከጃዋ ሲታይ መካ ያለችው በምዕራብ ነው። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው ሲመጡ ከተማዋን አልፈዋት ከጀርባቸው እንዳስቀሯት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ አንድ የህንድ እስላም ካቦ በሳቅ እየተንፈራፈረ ነገራቸው። አባቷ በጥሞና አዳምጦ አመሰገነውና፣ በማግስቱም ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰገደ። ሰፈሩም እንደ እሱ ሰገደ። ትንሿ የእንጨት መስጊዳቸው እስከ ዛሬ ድረስ ፊቷ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው።

ካሲነም የተማረችው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዋ ዙስተር ኤልፍሪዳ፣ በሆላንድኛ እህት ኤልፍሪዳ ማለት ነው፣ ረጅም፣ ቀይ ክንድ ያላት፣ በጃዋኛ የምትቀልድ ሴት ነበረች። ለቀድሞ ባሪያዎች የልጅ ልጆች በክሪዮል ቋንቋ ትሰብካለች፤ ለጃዋ ልጆች በጃዋኛ ትዘምራለች፤ በጀልባ ከእርሻ እርሻ እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ ሕፃን ታዋልዳለች። ወንዙን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን የበዛው በሰባኪዎች ምላስ ብቻ እንዳልነበረ ካሲነም በዓይኗ አይታለች። የታመመ ልጅ ያለው ሰው መድኃኒት ይዞ የመጣውን፣ ያውም በገዛ ቋንቋው የሚያናግረውን፣ እንዴት ብሎ ደጅ ያስቀራል? እሷም ዙስተርን ትወዳት ነበር። ዙስተርም ወደደቻትና ከተማ ወስዳ ነርስ ልታደርጋት አሰበች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ መጠመቅና ማርታ መባል።

ልጅቷ መርፌ መውጋት ለመማር ስም መለወጥ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀች። ዙስተር ውሸት አታውቅምና፣ ለመማሩ እንደማያስፈልግ፣ በነርሶች ማደሪያ አልጋ ያለው ግን ለተጠመቁት ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ካሲነም ጠረጴዛዋን ወለወለች፣ መጽሐፏን መለሰች፣ ወደ ቤቷም ሄደች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን በሙሉ ገጀራ ይዛ ኖረች። ዝናብ ሲጥልና ጉልበቷን ሲቆረጥማት ነጭ ለብሳ የምትራመድ ሌላ ካሲነም ትታያት ነበር። ታየቻት እንጂ አልተጸጸተችባትም።

ሸንኮራው ሲከስር ሰው ሁሉ ሜኔር፣ ጌታው፣ የሚላቸው ቤልሞንቴ ዘንድ ሥራ ገባች። ሜኔር የእርሻው የጥንት ባለቤቶች የመጨረሻ ልጅ ናቸው፤ ደረጃው በተንጋደደ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊ። የእሷ ሥራ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የቤተሰቡን መቃብር ከአረም መጠበቅ ነበር። የድንጋይ ሰሌዳዎቹ ላይ የተገነደሰ ዛፍና ጣታቸውን የዘረጉ እጆች ተቀርጸዋል። ጽሑፉን ማንበብ አትችልም፤ ግን በእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ የሚበቅለውን የድንጋይ ሽበት በጣቷ ስትነቅል ስለኖረች ቅርጹን በደንብ ለይታዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሜኔር ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልያሉ። ወደ ኢየሩሳሌም። አንዳንዱን ጸሎት ይዘሉታል። አሥር ወንድ ካልተሟላ የማይባል ጸሎት እንዳለ፣ ከተማ ባለው ምኩራብ እንኳ በተራ ሰንበት አሥር ሰው ከጠፋ እንደቆየ አጫውተዋታል። የቀሩት ሆላንድ ገብተዋል።

አንድ ቀን ካሲነም አረሟን እያጨደች፣ አይሁዶቹ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ሳለ እንዴት እንዲህ አነሱ ብላ ጠየቀቻቸው። ሜኔር የነገሯት ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም። አባቶቻቸው ከሚያሳድዷቸው ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ማንንም ወደ እምነታቸው ጠርተው አያውቁም፤ በመጡበት አገር ሰው መጥራት አንገት ያስቆርጥ ስለነበር፣ እየቆየ ሳይጠሩ መኖር ልማድ ሆነ። እዚህ ግን ጌቶች ሆኑ። ከባሪያ ሴቶች ወለዱ። ልጆቹ ጸሎቱን በቃላቸው ይዘው፣ ሰንበት እያከበሩ አደጉ። አባቶቻቸው ከኋላ ባለ ዝቅተኛ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሲሞቱም ከረግረጉ ጥግ ቀበሯቸው። ጥቂቶቹ የራሳቸውን ጸሎት ቤት አቆሙ፤ እሱም ተዘጋባቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እሑድ እሑድ በዙስተር ኤልፍሪዳ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። “ሌላ አገር ላይ አሳደዱን፣ እዚህ ግን ራሳችንን ያሳነስነው እኛው ነን” አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ካሲነምና ዊርዮ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ አደገላቸው። ሳቲማን ብለው አወጡለት። ዐረብ አገር ተምሮ ሲመለስ ማናን ተብሎ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ አይጠጣም፣ አይዋሽም፣ ለእናቱ ውሃ ይቀዳል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሲሚንቶ የተሠራ አዲስ መስጊድ አቆመ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መካ፣ ወደ ትክክለኛው ቂብላ። መቃብሩንም የሚያስተዳድረው የመስጊዱ ኮሚቴ ሆነና፣ ከእንግዲህ የሚሞት ሁሉ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይቀበራል ተባለ። አባትና ልጅ በዚህ ምክንያት ተኮራርፈው አያውቁም። አንዱ በእንጨቱ፣ ሌላው በሲሚንቶው መስጊድ ሰግደው ሲመለሱ በአንድ ሳህን ሩዝና ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥብስ ይበሉ ነበር። ዊርዮ አልጋ ላይ በዋለበት ወር ከጠንካራ እንጨት የራሱን የራስጌ ምልክት ጠረበ። ጠርቦ ሲጨርስ ካሲነምን ጠርቶ፣ እንደ አባቴ ፊቴን ወደ ምዕራብ አድርገሽ አስተኚኝ አላት። እሺ አለችው። ሌላ የጠየቃት ነገር የለም።

ዊርዮ ሌሊቱን ዐረፈ። ጠዋት ሳቲማን ዓይኑ ቀልቶ ወደ ማድቤት ገባ። ካሲነም ለቀብር የሚቀርበውን ምግብ ልትሠራ ኮኮናት ትፍቃለች። ያ የቀብር ማዕድም ቢሆን እሱ በተማረው ትምህርት የተወደደ አይደለም፤ ያንን ግን ለዛሬ ተወው።

“ምቦክ” አላት፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ “በቀብሩ ነገር እርስዎ እንዳያስቸግሩኝ። አባቴን ስለምወደው ነው። ፊቱ ወደ ቂብላ ካልሆነ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

ካሲነም ኮኮናቷን መፋቅ ቀጠለች። ሳቲማን እንደተስማማች ቆጥሮ የእጇን ጀርባ ስሞ ወጣ። እሷ የፋቀችውን ለጎረቤት ሴቶች አስረከበች፣ እጇን ታጠበች፣ ባሏ የጠረበውን እንጨት በመቀነቷ እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዝላ በቦዩ ዳር ወደ መቃብሩ ሄደች።

ቀባሪው ፓክ ቶሶ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የዊርዮ የልጅነት ጓደኛው ነው። ቀና ብሎ አያትና የታዘለውን እንጨት ሲያይ ገባው።

“እኔን ከጠባችሁ አውጡኝ” አላት። “ጉድጓዱ ለአንቺም ለልጅሽም ያው ነው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ። ጀናዛው በቀኝ ጎኑ ነው የሚተኛ። ራሱ በሰሜን ከገባ ምዕራብ ያያል፣ በደቡብ ከገባ ምሥራቅ ያያል። የኔ ሥራ አፈር ማውጣት ነው።”

“ማን ጠየቀህ? ቆፍር” አለችው።

እንጨቱን በሰሜን በኩል፣ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተከለችው። በገጀራዋ ጀርባ መትታ አጠበቀችው። ከዚያ እግሯን አጥፋ ጀርባዋን አስደግፋው ተቀመጠች። ሴት እዚያ አትቀመጥም። ቶሶም ይህን ያውቃል፣ መቆፈሩን ግን ቀጠለ።

ጀናዛውን ተሸክመው ሲመጡ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከፊት ሳቲማንና የኮሚቴው ሊቀ መንበር፤ ከኋላ ሽማግሌዎቹ፤ ከሁሉም በኋላ ባርኔጣቸውን ያደረጉ ሜኔር ቤልሞንቴ በምርኩዝ። ሳቲማን እናቱን አየና ቆመ። የተሸከሙትም ቆሙ።

ሊቀ መንበሩ ጨዋ ሰው ነው። ቀስ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ለሴት እንደማይገባ፣ ሕጉም ለሁሉም አንድ እንደሆነ አስረዳት። ካሁን ካሁን ትነሳለች ብሎ ጠበቀ። አልተነሳችም። በመጨረሻ፣ ካልተነሳች መቃብሩ ጀናዛውን እንደማይቀበል ተናገረ፤ ፈልጋችሁ በጓሯችሁ ቅበሩት አለ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ጉርምርምታ ተሰማ። ሳቲማን አንገቱን ደፋ።

ካሲነም ከሊቀ መንበሩ አሻግራ ሜኔርን አየች።

“ሜኔር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የነገሩኝን ልናገረው ነው።”

“ተናገሪው” አሉ ሜኔር። “እኔ ዘንድ ሆኖ ምን ሊጠቅም?”

ያን ጊዜ ወደ ልጇ ዞረች። ድምጿ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ስለነበር የኋለኞቹ ለመስማት ተጠጉ።

“ሳቲማን፣ የእኚህ ሰውዬ አባቶች ወንዙ ላይ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ነበር። ያንኑ ጸሎት የሚጸልዩ ልጆቻቸውን ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው። ዛሬ ሜኔር ብቻቸውን ይጸልያሉ። ዙስተር ኤልፍሪዳ ቋንቋዬን ተማረችልኝ፤ ግማሹን ወንዝ ያገኘችው በዚያ ነው። ስሜን ግን አልፈለገችውም፤ እኔን ያጣችው በዚያ ነው። አንተስ እስላም ሆነህ የተወለድከው በምን ይመስልሃል?”

“በአላህ ፈቃድ ነው፣ ምቦክ።”

“እሱማ ነው። ግን በማን በኩል? አያትህ ፊደል አልቆጠረም። ዐረብኛውን ግማሹን ተሳስቶ ነበር የሚለው። መርከብ ውስጥ የሚያስታውከው፣ የሚያለቅሰው፣ ቁማርተኛው ሁሉ ከጎኑ ቆሞ ሰገደ። ወዴት ዞርክ፣ ምኑን ተሳሳትክ ያለው ሰው አልነበረም። ቦታ ሰጡት፣ እሱም ለሌላው ቦታ ሰጠ። ሃይማኖትህ ባሕሩን የተሻገረው እንዲያ ነው። ዛሬ አንተ አባትህን ከኋላ ወንበር ልታስቀምጠው መጣህ።”

ሳቲማን ፊቱን በእጁ ጠረገ። “መካ ያለችው በምሥራቅ ነው” አለ። ክርክር አይመስልም ነበር፤ የሚለምናት ይመስል ነበር።

“አውቃለሁ። አባትህም ያውቅ ነበር። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ያላየን መሰለህ?”

“ታዲያ ካወቀ ለምን?”

“መስገድ ያስተማረው ሰው ወደዚያ ዞሮ ስላስተማረው። እኔ ደግሞ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ከዚህ የምነሳው ራሱ እዚህ ሲመጣ ነው። ካልሆነም አብራችሁ ቅበሩኝ፤ ጉድጓዱ ይበቃናል፣ እሱ እንደሆነ ከስቷል።”

ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች የሙዝ ቅጠሉን መምታት ጀመሩ። ፓክ ቶሶ መዳፉን ዘርግቶ ተቀበላቸው።

“ቶሎ ወስኑ” አለ። “ውሃው ከሞላ ዊርዮ ራሱ ዋኝቶ ወደሚፈልግበት ይዞራል።”

አንድ ሽማግሌ በአፍንጫው ሳቀ። ሳቲማን ጫማውን አወለቀ። ሊቀ መንበሩ “ማናን” ብሎ ክንዱን ሊይዘው ሞከረ፤ እሱ ግን ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው። ከሥር ሆኖ እናቱን ሳይሆን እንጨቱን፣ አባቱ የጠረበውን እያየ ሁለት እጆቹን ወደ ሰሜን ዘረጋ።

“ራሱን በዚህ በኩል ስጡኝ” አለ።

ሊቀ መንበሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ኋላ ተመለሰ። የቀሩት ጀናዛውን አወረዱ። ሳቲማን የከፈኑን ቋጠሮ ፈታ፣ አባቱን በቀኝ ጎኑ አስተኛው፣ ጉንጩን አፈሩ ላይ አሳረፈው። በላዩ ሳንቃ ደርድሮ ሲወጣ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ነበር። ካሲነም ተነስታ ቦታውን ለቀቀች። እንጨቱን ተደግፋ ነው የተነሳችው።

“የኔ ግን ወደ ምሥራቅ ነው” አላት ሳቲማን።

“ያንተን ማን ጠየቀህ? ልጆችህ ይጨቃጨቁበት።”

ከሊቀ መንበሩ ጋር የሄዱት ለማዕዱ አልመጡም። ሩዙ ተረፈ። ሜኔር ቤልሞንቴ በካሲነም በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ዶሮው በአይሁድ ሕግ ስላልታረደ፣ ሩዝና ቴምፔ ብቻ በሉ፤ ፓክ ቶሶ የእሳቸውን ድርሻ ዶሮ ጨምሮ በላ። ሳቲማን ከኮሚቴው እንደወጣ፣ ወይም እንዳስወጡት፣ በሳምንቱ ተሰማ። አሁንም በሲሚንቶው መስጊድ ይሰግዳል፤ ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ።

ካሲነም ወደ አረሟ ተመለሰች። ዝናቡ ሽበቱን በየፊደሉ ውስጥ አብዝቶት ነበር። ሜኔር ወጥተው፣ እሳቸውን የሚቀብር አሥር ሰው ከወዴት እንደሚመጣ እንደማያውቁ ነገሯት። እሷ እጇን ከሥራዋ አላነሳችም።

“ራስጌዎ በየት በኩል ነው?” አለቻቸው።

ሜኔር ከእናታቸው መቃብር አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ በምርኩዛቸው አሳዩአት፤ ራስ በምዕራብ፣ እግር በምሥራቅ፣ ሲነሱ ፊታቸው ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሆን። ካሲነም ቀና ብላ በደንብ አየችው። ከዚያ በገጀራዋ ጫፍ በምዕራቡ በኩል መሬቱን ሰንጥቃ ምልክት አደረገች፣ እንዳይጠፋም ሣሩን ዙሪያውን መነጠረችው።