ከእንጦጦ ማዶ ያለው የትራውት ወንዝ

ሲግናል ከሚባለው ሰፈራችን የተነሣነው እሑድ ማለዳ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ባነጣበት ሰሞን ነበር። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ በቀለ፣ እና ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ በአንድ ቸርች የዘመረው ሰሎሞን። መንግሥት ቸርቻችንን ካሸገው ወዲህ እሑዳችን ባዶ ሆኖብን ስለነበር፣ ጋሼ በቀለ “ኑና ወንዜን አጽዱልኝ” ሲሉን እሺ ለማለት አልዘገየንም።

“ወንዜ” የሚሉት ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ በኩል የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። ጋሼ በቀለ ጡረታ የወጡ የደን ሠራተኛ ናቸው። ባሌ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ትራውት የሚባለውን፣ ጎኑ ነጠብጣብ ያለበትን ዓሣ ወደዱት። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። ከዓመታት በፊት ግልገሎቹን በወተት ቢዶን ይዘው መጥተው እዚያ ለቀቋቸው፤ ዓሦቹም ተዋለዱ። እኛ የምናጠምዳቸው መንጠቆ ላይ ከዶሮ ላባና ከክር በተሠራ የውሸት ዝንብ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ዝንቦቹን የምሠራው እኔ ነኝ።

ሽቅብ

እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በአውቶቡስ ሄደን፣ ከዚያ በእግር ተያያዝነው። ከመንገድ ዳር በስሙኒ የገዛነው ትኩስ ድንች እጃችንንም ሆዳችንንም አሞቀልን። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እንደ ቅስት ጎብጠው ሲወርዱ መንገድ እየለቀቅን፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቀን ወጣን። ከተማው ከበታቻችን በጭስና በጉም ተሸፍኖ ነበር።

ጫፉ ላይ እሳት የሚሞቅ አብዮት ጠባቂ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የማጥመጃ ዘንጎቻችንን አይቶ ጠመንጃ መሰሉት መሰለኝ፣ ብድግ አለ። የዓሣ ማጥመጃ ነው ብንለው አላመነም። ሰሎሞን ጥቅልሉን ፈታለት፤ እኔም የዝንቦቹን ቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩ። አንዱን አንሥቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው።

“ዓሣ ይህን ይበላል?”

“ይታለልበታል እንጂ አይበላውም” አሉት ጋሼ በቀለ።

ሳቀና ከሰዓት እላፊ በፊት እንድንመለስ አስጠንቅቆ አሳለፈን።

ወንዙ ዳር

ቁልቁለቱን ወርደን ሰፊው ኩሬ ጋ ስንደርስ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከዳር ተቀምጠው አገኘን። ስማቸው እማማ ጫልቱ ነው፤ ቤታቸው ከኮረብታው ሥር ነው። ሰላምታችንን በፈገግታ መለሱልን። አጠገባቸው ከባዶ ትሪ ጎን ያለው ቅርጫት ግን የጋሼ በቀለን ፊት አጠቆረው። የያዘው የተወቀጠ ብርብራ ነበር። ብርብራ ከቆላ የሚመጣ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ውሃ ላይ ሲረጩት ዓሣው ደንዝዞ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል።

እማማ ጫልቱ ምንም አልደበቁንም። የልጃቸው እጮኛ ቤተሰቦች በማግሥቱ ይመጣሉ፤ ጊዜው ጾም ነው፣ በግ አይታረድም፣ ዓሣ ግን በጾም ይበላሉ፤ አማቶቻቸውን በሽሮ ብቻ መቀበል ደግሞ አሳፈራቸው። ወንዙ የማንም አይደለም፣ ዓሣው ደግሞ ሞልቷል ባይ ናቸው።

ይቆጣሉ ስል፣ ጋሼ በቀለ በለሰለሰ ድምፅ “እስከ እኩለ ቀን ይታገሱን። ትሪዎን ከሞላንልዎ ብርብራውን ይመልሱታል” አሉ።

“ካልሞላስ?”

“ካልሞላ እንዳሰቡት ያድርጉ።”

ውሉ አላማረኝም። የእኛ ማጥመድ ከቁም ነገር ይልቅ ጨዋታ እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቀይ ላባ ያለበትን፣ የምኮራበትን ዝንብ ወረወርኩ። ዓሦቹ ቀርበው አይተውት ይመለሳሉ። የሰሎሞን መንጠቆ ሁለቴ ቁጥቋጦ ያዘ። ጊዜው ሲገፋ ድንጋይ ገልብጬ ብመለከት፣ ሥሩ ያሉት ነፍሳት ሁሉ ትንንሽና አመድማ ናቸው። መቀሴን አውጥቼ ቀዩን ላባ ቆርጬ ጣልኩት፤ አመድማው ብቻ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ክሩ እጄ ላይ ተወጠረ። እማማ ጫልቱ ከእኛ እኩል ጓጉተው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ግን ትሪው ላይ የነበሩት አራት ዓሦች ብቻ ነበሩ። ግማሹም አልተሸፈነም። ጋሼ በቀለ ዘንጋቸውን ጠቅልለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ምንም አልተከራከሩም።

እማማ ጫልቱ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ሄዱና ዞሩ። “ይኼን ያህል ለምን ከበደዎት?” ብለው ጠየቋቸው።

ጋሼ በቀለ ከባሌ ስለመጡበት መንገድ ነገሯቸው። ቢዶኑን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ሾፌሩን ለምነው አውቶቡሱን እያስቆሙ ውሃ ይቀይሩ ነበር። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን በየወንዙ አብሮ እየወረደ ውሃ ይቀዳላቸው ጀመር።

እማማ ጫልቱ ኩሬውን አዩ። ዳር ላይ ጣት የማያክሉ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ።

“ብርብራ ትንሽ ትልቅ አይልም” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አራቱን ለአማቶቼ አቀርባለሁ፤ የቀረውን ሽሮ ይሙላው” አሉኝ።

ብርብራውን ከውሃው ርቀን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ከሰዓት በኋላ ሱሪያችንን ሰብስበን፣ ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ጠጠር ከሸፈነው የባሕር ዛፍ ቅጠል አጸዳን። እማማ ጫልቱም ገቡበት። በመሃል ዘንግ ልሞክር ብለው ሲወረውሩ የሰሎሞንን ባርኔጣ ያዙ፤ ጋሼ በቀለ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ስንለያይ፣ ከብት ከኩሬው በታች እንዲጠጣ ለጎረቤቶቻቸው እንደሚነግሩ ቃል ገቡልን፤ ጋሼ በቀለም በሚቀጥለው እሑድ አወራወሩን ሊያስተምሯቸው ተስማሙ።

ወደ ቤት

ሲግናል የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ጫማችን ረጥቧል፣ ወገባችን ተቆርጧል፣ እጃችን ባዶ ነው። እናቴ ዓሣው የታለ ብላ ጠየቀችኝ። ወንዙ ውስጥ ነው አልኳት። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ልናጠምድ ሄደን ዓሣውን ወንዝ ውስጥ ትተን መምጣታችን አልገባትም፤ ጎመኗን አቀረበችልኝ።

ያን ቀን ስወጣ ወንዝ መጠበቅ ሰው ማባረር ይመስለኝ ነበር። እኛ ግን የእሑድ እንግዶች ነን፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወንዙ ዳር የሚውሉት እማማ ጫልቱ ናቸው። እሳቸው ባይራሩለት ኖሮ የእኛ ጽዳት ለባዶ ውሃ ይሆን ነበር።