የጠሪዋ እናት ስም

አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ለሰርግ ጥሪ ካርድ ግጥም መጻፍ ነበር፤ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ የአርባና የሙት ዓመት ባነር በዛ። ሁለቱንም የምጽፈው በአንድ ኮምፒውተር ስለሆነ ባለቤቱ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ገጣሚው፣ ዛሬ ድረናል ወይስ ቀብረናል?» ይለኛል። እስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት መምህርት መጣች። ሙሽሮች ብቻቸውን አይመጡም፤ ከሚዜዎቻቸው ጋር ተንጫጭተው፣ በካርድ ናሙና ተከራክረው ነው የሚሄዱት። ይቺ ግን ብቻዋን ገብታ ከቦርሳዋ የራሷን የቆየ የሰርግ ጥሪ ካርድ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የኛው ሥራ ነው። ግጥሙም የኔ ነው፤ ፍቅራቸውን ከሶደሬ ፍል ውኃ ጋር ያመሳሰልኩበት፣ ሳየው የሚያሳፍረኝ። ያ ካርድ ግማሹ ከታደለ በኋላ ወታደር የነበረው ሙሽራ ፈቃዱ ተሰርዞ ወደ ሰሜን ተጠራ። አልተመለሰም።

እሷ ወላጅ የላትም። መርዶው የተነገረ ዕለት ወለንጪቲ እናቱ ቤት ሄዳ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ለቀስተኛው ሲበተን እሷ እዚያው ቀረች። ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሌላ የሚሄዱበት ቤት ስላልነበራቸው የሄዱት የሟቹ እናት ዘንድ ነው። እናቲቱም አብልተው አጠጥተው፣ እሷ ከፈቀደች እኔ ምን አግዳለሁ ብለው ሸኟቸው።

የፈለገችው በሴቷ ወገን ጠሪ ወላጅ በሚለው ቦታ የሳቸው ስም እንዲጻፍ ነው። በአሮጌው ካርድ ላይ ያው ስም በወንዱ ወገን ነበር። አማክረሻቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አላማከረችም። ረቂቁን ይዤ ሄጄ እኔ እንድጠይቅላት ለመነችኝ።

«እማዬ እኔን እምቢ አትለኝም» አለች። «አንተን ግን እምቢ ማለት ትችላለች። እንድትችል ነው የምፈልገው።»

ያን ቀን ረቂቁን ሠራሁ። ከስሙ በታች ክረምቱ አለፈ፣ እንባው ደረቀ፣ ቤቱ ዳግም በእልልታ ሞላ የሚል አራት መስመር ግጥም ጨመርኩበት። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ከጻፍከው ሁሉ ይሻላል አለኝ። እኔም አምኜው ነበር።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወለንጪቲ ወረድኩ። እናቲቱ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው በትልቅ መርፌ የተቀደደ የሽንኩርት ጆንያ ይሰፋሉ። «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ና ተቀመጥ፣ ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። ማን እንደላከኝና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ፊደል እንደማይለይላቸው ነግረውኝ እንዳነብላቸው ጠየቁ። አነበብኩ። ስማቸው ጋ ስደርስ መርፌው ቆመ። ያንን ቦታ ብቻ ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ግጥሙንም አነበብኩላቸው። ካርዱን ተቀብለው ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄን ግጥም ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ስሜን ጻፈው። ልጄ ናት፣ እኔ ነኝ የምድራት። እንባው ደረቀ ያልከውን ግን አውጣው። አልደረቀም። በስሜ ሥር ውሸት አይጻፍ።»

እሳቸው ወደ ጆንያቸው ተመለሱ፤ ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለውም አስቀሩኝ።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ግጥም ሞከርኩ፤ በማግስቱም ሞከርኩ። የጻፍኩት ሁሉ ወይ የሚያጽናና ወይ የሚያለቃቅስ ሆነብኝ። እሳቸው ፊት ቆሜ የማነበው አንድ መስመር አላገኘሁም። ባለቤቱ ባዶ ካርድ ይዘን ሰው ፊት ልንቀርብ ነው ወይ ብሎ አኮረፈ። ቦታውን ባዶ ተውኩት።

ሙሽራዋ ስትመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር ወይ? አላለቀሱም፣ እየሰፉ ነበር አልኳት። ያኔ እሷ አለቀሰች።

ሰርጉ አዳማ ነበር፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። እናቲቱ በወላጅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀጥሎ ሙሽራው ጎንበስ አለ። ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑና ሳያነሱ ቆዩ። ካሜራ ያዡ ቀና እንዲል በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ሙሽራው ግን አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር እጃቸው እዚያው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉት አይሰማም። ሙሽራዋ ቬሎዋ መሬት ላይ እንደተዘረጋ አጠገባቸው በርከክ ብላ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።